61 ያለኝ ስልክ፦ ከጅማ እስከ ላንጋኖ የሸራ ልምምዴ

መጀመሪያ ስለዚያች 61 ልናገርና ልገላገል። ባለፈው ዓመት ጥር ከላንጋኖ ስመለስ ስልኬ ላይ «ከፍተኛ ፍጥነት 61 ኪሎ ሜትር በሰዓት» የሚል ተጽፎ ነበር። ሸራ የተተከለባት ቦርድ ላይ ቆሜ (ዊንድሰርፊንግ ይሉታል)፣ ያለ ሞተር፣ 61! ጅማ እስክደርስ አላስቻለኝም፤ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠው ሰውዬ ሳይጠይቀኝ አሳየሁት። ቢሮ ስገባ አለቃዬ አየና «ባጃጅም እንዲህ አይሄድ» አለኝ። ደስ አለኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የሄድኩበትን መስመር ካርታው ላይ ነጥብ በነጥብ ሳየው ጉዱ ወጣ። 61 የተመዘገበው በወደቅኩባት ቅጽበት ነው። ስልኩ በውሃ መከላከያ ከረጢት ደረቴ ላይ ታስሯል፤ ውሃ ውስጥ ስገባ ሳተላይቱ ጠፋው፣ ብቅ ስል ደግሞ የሆነ ሌላ ቦታ አገኘኝ። መተግበሪያው በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት ለሰከንዱ አካፍሎ 61 አወጣ። በሕይወቴ ከሁሉ የፈጠንኩ ናት ባልኳት ሰከንድ የላንጋኖን ቡናማ ውሃ እየጠጣሁ ነበር ማለት ነው።

እውነተኛዋ 27 ናት።

የሚያሳፍረው ደግሞ እንጀራዬ መለካት መሆኑ ነው። የቡና ናሙና ነው የምመረምረው። ከአንድ ጆንያ የተቀዳ ቡና የእርጥበት መለኪያው ላይ አንዴ 10.9፣ አንዴ 11.6 ይላል፤ አንዷን ንባብ ይዞ የሚፈርም ሰው የለም፣ ደጋግመን ለክተን አማካዩን እንይዛለን። ስለ ራሴ ሲሆን ግን የምትጣፍጠውን ቁጥር መርጬ ያዝኩ። የሸራ ፍጥነት ሰዎች ይህን የሰው ልጅ ጠባይ ቀድመው ያውቁታል። ስለዚህ ከፍተኛውን የሁለት ሰከንድ ፍጥነት ቢመዘግቡም የበለጠ የሚያከብሩት የአምስት ምልልስ አማካይ ነው፤ ከእያንዳንዱ ምልልስ ምርጡ 10 ሰከንድ ይወሰድና አምስቱ ተደምሮ ይካፈላል። አንዴ ዕድል ቀንቶህ ብትበር አራቱ ያጋልጡሃል። ጥሩዎቹ መሣሪያዎችም ፍጥነቱን ከነጥብ ርቀት አይደለም የሚያወጡት፤ ከሳተላይቱ ምልክት የድግግሞሽ ለውጥ ነው፣ አምቡላንስ ሲያልፍ የጩኸቱ ቃና እንደሚለወጠው ዓይነት። እኔም አሁን ያገለገለ የጂፒኤስ ሰዓት ገዝቻለሁ።

ሰዎች «ከስንቱ ስፖርት ይህን ምን አስመረጠህ?» ይሉኛል። እውነቱን ልናገር፣ መልሱ ግማሹ ቦርጬ ነው። ዊንድሰርፊንግ ውስጥ ማዕበል ላይ የሚዘሉ፣ አየር ላይ የሚገለበጡ ልጆች አሉ፤ ያ የሃያ ዓመት ጉልበት ነው። ፍጥነት ግን ቀጥ ብሎ መሄድ ነው፤ ነፋሱ ሲበረታ ደግሞ ክብደት ያግዛል፣ አንዳንዶቹ ሆን ብለው ክብደት ያለው ጃኬት ይለብሳሉ። እኔ የእናቴ ጨጨብሳ ሥራውን ጨርሶልኛል። ዕድሜም አያሳፍርም። ፈረንሳዊው አንትዋን አልቦ እ.ኤ.አ. በ2015 ናሚቢያ፣ ሉደሪትስ ላይ በ500 ሜትር 53.27 ኖት ሲያስመዘግብ 43 ዓመቱ ነበር። ኖት የባህር ማይል በሰዓት ነው፣ አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር፤ ስለዚህ ወደ 98.7 ኪሎ ሜትር በሰዓት መሆኑ ነው። 500 ሜትሩን በ18 ሰከንድ ገደማ! እኔም ዘንድሮ 43 ነኝ፤ የሚያመሳስለን እሱ ብቻ ቢሆንም። ሌላው የዚሁ ስፖርት ሰው ብዮርን ደንከርቤክ ደግሞ እዚያው ሉደሪትስ በ2021 በጂፒኤስ 103.67 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲደርስ 52 ዓመቱ ነበር።

ሉደሪትስ ላይ የሚሮጡት ባህሩ ላይ እንዳይመስላችሁ። በረሃው ዳር ለዚሁ ብለው የቆፈሩት ጠባብ ቦይ ነው። ቦዩ ጠባብ ስለሆነ ነፋሱ ማዕበል ለማንሳት ቦታ አያገኝም፤ አውሎ ነፋስ እየነፈሰ ውሃው ግን እንደ ጠረጴዛ ለጥ ይላል። የፍጥነት ምስጢር ይኼው ነው፣ ኃይለኛ ነፋስና ለስላሳ ውሃ፣ ሁለቱ ደግሞ በተፈጥሮ አይዋደዱም። ስለዚህ ነገር ማሰብ ከጀመርኩ ወዲህ ኩሬ ባየሁ ቁጥር ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ሳላይ አላልፍም።

«ታዲያ ቦዬ አለልህ አይደል?» የሚለኝ የጅማ ሰው ብዙ ነው። ቦዬ ረግረግ ነው፣ ጉማሬም አለበት፤ ከጉማሬ ጋር የፍጥነት ውድድር አልገጥምም። ጅማ ደግሞ ዝናብ እንጂ ነፋስ አልታደለችም። ከሰዓት በኋላ ጅሬን ጫፍ ላይ፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አካባቢ ትንሽ ሽው ይላል፣ እሱም ሸማ ለማወዛወዝ ነው። ላንጋኖ ለመድረስ መጀመሪያ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሌላ 200 ገደማ ወደ ደቡብ። በዓመት ቢበዛ ሦስት ጊዜ ነው የምሄደው።

የቀረውን ጊዜ አቮካዶ ዛፍ ላይ ነው የማሳልፈው። በርጩማ የሚሠሩ አንድ ጋሼ ዘንድ ሄጄ እንደ ቡም (ሸራው የሚያዝበት እጀታ) ጎበጥ ያለ የእንጨት እጀታ አሠራሁ። «ለምን ይሆንሃል?» ሲሉኝ «ለመንጠልጠያ» አልኳቸው፤ ዝም ብለው መላጋቸውን ቀጠሉ። እጀታውን በገመድ ከቅርንጫፉ አሰርኩት፣ ሁለት አጫጭር ገመዶች ቀለበት አድርጌ ቋጠርኩበት፣ ወገቤ ላይ መንጠቆ ያለው ሰፊ ቀበቶ አስሬ ገመዱን ሳላይ መንጠቆው ውስጥ አስገባና ወደ ኋላ እለቃለሁ። ሙሉ ክብደቴን ገመዱ ይይዘዋል፤ ጣቶቼ እጀታውን ነካ አድርገው ብቻ ይቆያሉ። ማታ ማታ አሥር ደቂቃ። ጎረቤታችን እማማ በአጥር አይተውኝ «ልጄ፣ ወገብህን አሞህ ነው?» አሉ። «አይ እማማ፣ ልምምድ ነው።» «የምን?» «የሸራ።» ትንሽ አሰቡና «አላህ ያሽርህ» ብለው ገቡ።

ዛፉ ግን ሠርቷል። መጀመሪያ ላይ ሸራውን በክንዴ ነበር የምታገለው፤ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ እጄ እንደ እንጨት ይደርቃል። ላንጋኖ ያለው አሠልጣኝ ከእኔ በሃያ ዓመት ያንሳል፤ እያፈረ «ጋሼ፣ በእጅዎ አይደለም፣ በመቀመጫዎ ነው» አለኝ። አየር ላይ እንደ መቀመጥ ነው፤ ያልተለማመደ ሰው ወገቡ እምቢ ይለዋል።

ሁለተኛው ስህተቴ ነፋስ ከኋላ ሲገፋኝ የምፈጥን መስሎኝ መቆየቴ ነበር። ነፋሱ ከኋላህ ከሆነ በፈጠንክ ቁጥር ከእሱ እየሸሸህ ነው፤ እኩል ከሄዳችሁ ሸራህ ላይ የሚያርፍ ነፋስ የለም። ከጎን ስትቀበለው ግን የራስህ ፍጥነት የሚፈጥረው ነፋስ ይጨመርልሃል። ጎበዞቹ ከነፋሱ ራሱ የሚበልጡት በዚህ ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው፤ በጎን ነፋስ ትነሳለህ፣ ቦርዱ መንሸራተት ሲጀምር ጠንከር ያለች ነፋስ ትጠብቃለህ፣ ስትመጣ አፍንጫውን ቀስ ብለህ ወደ ነፋሱ መሄጃ ታዞራለህ። ያን ጊዜ ድምፁ ይለወጣል። ከሥር ጧ ጧ ይል የነበረው ውሃ ጸጥ ይልና በምትኩ ከቦርዱ ሥር ከኋላ ያለው ክንፍ ዝዝዝ ማለት ይጀምራል፣ የፊት እግርህ ሥር ያለው ቦርድ ክብደት ያጣል። እኔ ይህን እስከ ዛሬ አሥራ አምስት ጊዜ ያህል አግኝቼዋለሁ፤ 550 ኪሎ ሜትር የሚያስጉዘኝ እሱ ነው።

ላንጋኖ ለምትሄዱ አንድ ነገር። የሸራ መጠን ሰንጠረዦች የተሠሩት ለባህር ጠለል ነው። ላንጋኖ ወደ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ 15 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ያንኑ ግፊት ለማግኘት 8 በመቶ ያህል የበለጠ ነፋስ ይፈልጋል። ሰንጠረዡ ካለው ትንሽ ሰፋ ያለ ሸራ ውሰዱ። እኔ ሁለት ጉዞ ሙሉ «ነፋሱ ደካማ ነው» እያልኩ ስማረር ነበር። ለስላሳ ውሃ ፍለጋ ደግሞ ከዳር ወደ መሀል የሚነፍስበት ቦታ ብቻችሁን አትግቡ፤ ዕቃ ቢበጠስ ነፋሱ የሚወስዳችሁ ወደ መሀል ነው። ላይፍ ጃኬት አይወለቅም፣ አለቀ።

ባለፈው ኅዳር የሄድኩ ቀን ነፋሱ ከሰዓት ጥሩ ነበር። የመጀመሪያው ምልልስ 34.6 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ሁለተኛው 33.9፣ ከዚያ 33.2 እና 32.8። በአራቱ ብቆም አማካዩ 33.6 ይሆን ነበር፤ ያረጀ ጀልባ ላይ ተቀምጬ ሰዓቴን እያየሁ ለማቆም ከራሴ ጋር ተደራደርኩ። ግን አምስት ነው ሕጉ። ስገባ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፣ ነፋሱም እየሞተ ነው፤ 24.5። ደብተሬ ላይ 31.8 ብዬ ጻፍኩ።

ሰኞ ቢሮ ስገባ አለቃዬ ቡናውን እየቀመሰ «እህ፣ ስንት ደረስክ?» አለኝ።

«31.8።»

«ባለፈው 61 አልነበር እንዴ?»

«ያኔ ውሃ ውስጥ ነበርኩ» አልኩት።