ባለመነጽሯ ጉጉት፦ የአራተኛ ወር ማስታወሻ

በዚህ ወር ከደብተሬ ላይ አንድ የጉጉት ዝርያ ሰረዝኩ። መጀመሪያውኑ አልነበረማ!

የዝናባማ ደን ጉጉቶችን ከፎቶ እያየሁ በእርሳስ ስስል አራት ወሬ ነው። ባለመነጽር ጉጉትን የጀመርኳት ባለፈው ወር ነው። ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ሰሜን አርጀንቲና ትገኛለች። ጀርባዋና ፊቷ ጥቁር ቡናማ፣ ዓይኗ ቢጫ፣ በዓይኖቿ ዙሪያ ደግሞ ነጭ መነጽር የሚመስል መስመር አላት። ከጎኗ ሌላ ጉጉት ሳልኩ፤ ሰውነቷ በረዶ የመሰለ፣ ፊቷ ብቻ ጥቁር። ስሟን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ለካ የዚያችው ጫጩት ናት! የእናቷ የፎቶ ነጋቲቭ በሏት። ገና በደንብ ሳትበር፣ በአምስት ወይም ስድስት ሳምንቷ ከጎጆ ወጥታ ቅርንጫፍ ላይ ትቀመጣለች። በሰው እጅ ያደጉት ደግሞ የአዋቂ ላባቸው እስኪሟላ አምስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ግማሽ ነጭ ግማሽ ቡናማ የሆነች ካያችሁ፣ እንደኔ አዲስ ዝርያ አገኘሁ ብላችሁ አትሩጡ።

ድምጿም ሸውዶኛል። ቅጂውን ስከፍት ግንደ ቆርቁር መሰለኝ። በጆሮ ማዳመጫ ደጋግሜ ስሰማው ግን ቀጭን ቆርቆሮ ይዞ እንደመወዝወዝ ነው፦ «ፑፕ ፑፕ ፑፕ» እያለ ይፈጥንና እየደከመ ይጠፋል። ቀጠን ያለው የሴቷ ነው።

ምግቧ ላይ ብዙ አልቆየሁም፤ አይጥ፣ ነፍሳት፣ ሸርጣን። አንዷ ታሪክ ግን አስቀረችኝ። ፓናማ ውስጥ ባሮ ኮሎራዶ ደሴት ላይ አንድ ስሎዝ (ዛፍ ላይ የሚኖር በጣም ቀርፋፋ እንስሳ) ሞቶ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ የገደለችው ይህቺው ጉጉት ናት ብለው በ2009 ጻፉ። ክብደቷ እኮ አንድ ኪሎ አካባቢ ነው! ስሎዝ ለመጸዳዳት ከዛፍ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ያኔ ነው የሚጋለጠው።

ስዕሉን በተመለከተ፦ መነጽሯን ነጭ ቀለም ቀብቼ ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። አሁን ነጩን አልነካውም፤ ዙሪያውን አጥቁሬ ወረቀቱን እተወዋለሁ። ቅንድቧ ወዲያው ተነሳ። እግሯ ነው ያስቸገረኝ። ጉጉት የውጭ ጣቷን ወደ ኋላ ማዞር ትችላለች፤ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ አድርጋ ቅርንጫፍ ትጨብጣለች። የእኔዋ ግን እስካሁን የዶሮ እግር ነው ያላት።