ፋሻው የት ሄደ?

የአደጋ መዝገቡ ባዶ የሆነ ድርጅት ሲገጥመኝ ቀጥዬ የማየው የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑን ነው። ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ ባለ አንድ የሰሊጥ ማበጠሪያም ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

የሥራ ደህንነቱን እንድገመግም የጠሩኝ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ናቸው። ቅን ሰው ናቸው። መዝገቡን በኩራት አሳዩኝ። ዓመቱን ሙሉ አንድም አደጋ አልተጻፈበትም።

ሣጥኑን ስከፍተው ግን ፋሻ የለም። የአዮዲኑ ጠርሙስም ተሟጧል። ንብረት ክፍል ጠየቅሁ፤ ሁሉም የተገዛው ከፋሲካ ወዲህ ነው። ታዲያ ማን ተጠቀመው?

መልሱን ያገኘሁት ሻይ ከሚያፈሉት እናት ነው። «ልጄ፣ እጃቸው ሲላጥ የማስርላቸው እኔ ነኝ። ከተጻፈማ የሁሉም ጉርሻ ይቀራል» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወሩ ያለ አደጋ ካለቀ ለፈረቃው በሙሉ ማበረታቻ ይከፈላል። በተላጠ ጣት የተነሳ የጓደኞቹን ገንዘብ ማስቀረት የሚፈልግ የለም። የቀን ሠራተኛው ደግሞ ነገ እንዳልጠራ ብሎ ይሰጋል። ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም። በእነሱ አልፈርድም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በሥራ ላይ የደረሰን አደጋ መዝግቦ ለቁጥጥር አካል እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ እዚህ ግን ዝም ላለ ነበር የሚከፈለው።

ወደ ማሽኑ ሄድኩ። ሰሊጡን ወደ ላይ የሚያወጣው ኤሌቬተር የቺንጋ መከለያ ተፈትቶ ግድግዳ ተደግፏል። አቧራ ለብሷል። ቺንጋው በላላ ቁጥር አራት ቡሎን መፍታት ያስፈልጋል፤ ቺያቬው ያለው መካኒኩ ጋ ነው፤ መካኒኩ ደግሞ ሁልጊዜ አይገኝም። አንድ ቀን የተፈታው መከለያ በዚያው ቀረ። አንድ ወጣት ማሽኑ እየሠራ በቺንጋው ሥር የተከማቸውን ገለባ በእጁ ይጠርጋል። ጓንት አድርጓል። «ወንድሜ፣ መጀመሪያ አስቁመው!» አልኩት።

ጓንቱን ድርጅቱ ነው የገዛው፣ ለደህንነት ብሎ። የሚሽከረከር ነገር አጠገብ ግን ጓንት ራሱ ጠላት ነው። ጫፉ ከተያዘ እጅን ይዞ ይገባል። አደጋን ከምንጩ ሳይከላከሉ ሠራተኛን ጓንትና ሄልሜት አልብሶ መተው በጣም ያናድደኛል። የሚለበስ መከላከያ መምጣት ያለበት መጨረሻ ላይ ነው።

ስለዚህ መከለያው እንደ በር የሚከፈት እንዲሆን፣ ሲከፈትም ሞተሩ እንዲጠፋ ሐሳብ አቀረብኩ። የሚያጸዳው ሰው ማብሪያ ማጥፊያውን በራሱ ጓጉንቸር ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ይክተት። ከኪሱ ሳይወጣ ማንም አያስነሳበትም።

ሥራ አስኪያጁ በማግስቱ በያጅ አስጠሩ። ያከራከረን ጉርሻው ነው። «መዝገቡ ሲሞላ ባለቤቶቹ ምን ይሉኛል?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ከበላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው አደጋ ድንገት የበዛ ይመስላል። ባለቤቶቹን አብረን አስረዳን። ማበረታቻው አደጋንና ለጥቂት የተረፉበትን ነገር ለሚያሳውቅ ፈረቃ እንዲሆን ተስማሙ።

በቀጣዩ ወር መዝገቡ ላይ የተላጠ ክርን፣ ዓይን ውስጥ የገባ አቧራና መጋዘን ውስጥ ሊናድ የነበረ የጆንያ ቁልል ተጻፈ። ቁልሉ በዚያው ሳምንት ዝቅ ተደረገ። አሁን ጆንያው እየተቆላለፈ ነው የሚደረደረው።