የጨብሲ ሰዓት

ድሬ ላደገ ሰው ጨብሲ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ከሰዓት ተቅሞ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ይጠጣል። እኔ ለ14 ዓመት እንዲሁ ኖሬያለሁ። መጨረሻ ላይ ጫቱን ተውኩት፤ መጠጡ ግን ከጠዋት መጀመር ጀመረ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀፊራ አካባቢ በረንዳ ላይ ነው የምሠራው። ጠዋት መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተኝ። ክሩን በምራቄ አርሼ፣ አሹዬ፣ ወደ ቀዳዳው አስጠጋለሁ። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ክሩ በጎን ያልፋል። አንድ መለኪያ አረቄ ስወስድ መንቀጥቀጡ ይቆማል። ያኔ "መድኃኒቴ ነው" እል ነበር።

ካቆምኩ 6 ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ የሄድኩት ሐኪም ጋ ነው። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም ሊንዘፈዘፍ፣ ሊቃዥ፣ ሊሞትም ይችላል። ንስሐ አባቴም ጸበል ሲያዙኝ "ኪኒኑን እንዳታቋርጥ" ነው ያሉኝ። እባካችሁ፣ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ያለ ሐኪም አታስቁሙት።

ጸሎት የጀመርኩት ጠዋት ጠዋት ነበር። የሰፈራችን መስጊድ የሱብሂ አዛን ሲያሰማ እኔም እነሣለሁ። የዘወትር ጸሎት አደርሳለሁ፤ ከዚያ ውዳሴ ማርያም። ውዳሴ ማርያም ለ7ቱ ቀን የተከፈለች ናት፤ የሰኞው ለሰኞ፣ የማክሰኞው ለማክሰኞ። ይሄ በጣም አገዘኝ። "ዕድሜ ልኬን አልጠጣም" ብዬ ሳስብ ፍርሃት ይይዘኝ ነበር። የሰኞውን ስደግም ግን ከእኔ የሚፈለገው ሰኞን መዋል ብቻ ነው።

ቢሆንም ጠዋት ጸልዬ ማታ ወደቅኩ። ሁለት ጊዜ። እጄ ከዳነ በኋላ ጠዋት አይፈትነኝም ነበር። የኔ ፈተና 12 ሰዓት ነው። ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ጓደኞቼ በባጃጅ እያለፉ "አቦ ና እንጂ!" ሲሉኝ።

ንስሐ አባቴ አልተቆጡኝም። "ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚመጣብህ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "እንግዲያው በዚያው ሰዓት ቁም" አሉ።

አሁን 11 ሰዓት ተኩል ላይ የስፌት መኪናዬን አለብሳለሁ። ቤት ገብቼ፣ ታጥቤ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሬ እቆማለሁ። መቁጠሪያዬን ይዤ 41 ጊዜ ኪርያላይሶን። መጀመሪያ ሰሞን 41ዱ አይበቃኝም፤ እንደገና፣ ደግሞ እንደገና። ብርጭቆ የለመደ እጅ ባዶውን መቀመጥ አይችልም። መቁጠሪያው ከላቤ ብዛት ጠቁሯል። አምሮቱ ይመጣል፣ ጉሮሮ ያደርቃል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ የመግሪብ አዛን ሲያበቃ እሱም ቀለል ብሎኛል።

ከሁሉ የከበደኝ ማኅበር ነው። በየወሩ በ12 የሚካኤል ጽዋ አለን፤ ጠላው ተባርኮ ነው የሚቀዳው። "የመልአኩ ጽዋ እምቢ አይባልም" የሚሉኝ ነበሩ። ክፋት የላቸውም፤ ግን ተሳስተዋል። ለእኔ አንድ ዋንጫ አንድ ዋንጫ ሆኖ አይቀርም። ስለዚህ ሁለት ወር ቀረሁ። በሦስተኛው፣ የዚያ ወር ተረኛዋ እትዬ በረንዳዬ ድረስ መጡ። "ልጄ፣ ላንተ አብሽ በማር በጥብጬልሃለሁ። ና ብቻ" አሉኝ። ሄድኩ። ቄሱ አብሹንም ከጠላው ጋር ባረኩት።

ባለፈው ሚካኤል አጠገቤ አንድ ወጣት ተቀምጦ ነበር። ጠላው ሲደርሰው አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ጋሼ፣ ያንተው ነገር ተርፏል?" አለኝ። አስቀዳሁለት። ዋንጫውን ሲቀበል እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከሥር ደገፍኩለት።