«ሴጉሩ» ሲሉኝ ያልሰማሁት

ይህን የምጽፈው ቦስተን ውስጥ የቤት ጽዳት ሥራ ልትጀምሩ ላሰባችሁ ነው። በተለይ እንደኔ ከብራዚላውያን ስኬጁል ገዝታችሁ ለመጀመር ላሰባችሁ። አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ እስከ ዛሬ በየወሩ 350 ዶላር ባልከፈልኩ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ነግረውኛል። ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ስኬጁል ምን እንደሆነ ላስረዳ። የደንበኞች ዝርዝር ነው። ሰኞ የትኛው ቤት ነው፣ ማክሰኞ የትኛው፣ በየሳምንቱ ነው ወይስ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ቁልፉ የት ይቀመጣል፣ ውሻው ይናከሳል ወይ። አንዲት ብራዚላዊት ዓመታት ለፍታ ይህን ዝርዝር ትሠራለች። አገሯ ልትገባ ስትል ወይም ጉልበቷ አልታዘዝ ሲላት ለሌላዋ ትሸጠዋለች። ቃሉ እንግሊዝኛ ነው፤ እነሱ ግን በፖርቱጋልኛቸው መሃል እንደ ራሳቸው ቃል ይጠሩታል። ዋጋው የሚሰላው ቤቶቹ በወር በሚያስገቡት ነው። ገዢዋ ብር ከሌላት ለሌላ ሰው ሄልፐር ሆና ትቆያለች፤ ማለትም ረዳት። ሥራውን ትማራለች፣ ታጠራቅማለች፣ ከዚያ የራሷን ትገዛለች። ባንክ አያውቀውም፣ ዩኒቨርሲቲ አያስተምረውም። ግን ገበያ ነው፤ ዋጋ አለው፣ ዋስትና አለው፣ ስም የሚጠፋበትም አለ።

እኔ ያኔ የመኪና ማቆሚያ ካሸር ነበርኩ። የቦስተንን ሐበሻ የሚያውቅ ይሄ አይገርመውም። ማታ ማታ ሕንፃውን የሚያጸዱ አንዲት ሴትዮ ነበሩ፤ ዶና እላቸዋለሁ። ዶና እንደ እኛ እትዬ ነው። አገራቸው ጎቬርናዶር ቫላዳሪስ ነው፤ ሚናስ ዤራይስ በሚባለው ክፍለ ግዛት ያለ ከተማ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች ማይካ የሚባለውን ማዕድን ፍለጋ እዚያ ሄደው ነበር። የአሜሪካ ስም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከከተማው አልጠፋም። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የብራዚል ገንዘብ ጠዋትና ማታ ዋጋ ሲጥል ሕዝቡ ወደ ቦስተን ጎረፈ። ዶና «ቫላዳሪስ ውስጥ ቦስተን ዘመድ የሌለው ሰው ፈልገሽ አታገኚም» ይሉኛል። እኔም ደሴ ዙሪያ በአረብ አገር ብር የተሠሩትን ቤቶች ነገርኳቸው። ተግባባን።

ያልተግባባነው በቡና ብቻ ነው። ቡና ማለት ብራዚል ነው ባይ ናቸው። ቡና ብራዚል የገባው በ1727 ነው፣ እኛ ጋ ግን ጫካ ውስጥ ብቻውን ይበቅላል ስላቸው ለአንድ ሳምንት ኮስተር አሉብኝ።

በ2021 ዶና ከስኬጁላቸው 11 ቤት ልሸጥ ነው አሉ። ሦስቱ በየሳምንቱ፣ ስምንቱ በየአሥራ አምስት ቀኑ። በወር 3,800 ዶላር ገደማ ያስገባሉ። ዋጋው 7,000። 5,000ው እጅ በእጅ፣ 2,000ው ከሁለት ወር በኋላ። በእነዚያ ሁለት ወራት ውስጥ የሚወጣ ቤት ካለ በሌላ ይተኩልኛል። ውል የለም፣ ጠበቃ የለም። እቁቤ በዚያው ሰሞን ወጣልኝና ከፈልኩ። ቤት ለቤት ይዘውኝ ዞሩ። እያንዳንዱን በር አንኳኩተው «ከዛሬ ጀምሮ እሷ ናት፣ እንደ እኔ እመኗት» አሉ። አንድ ቤት ብቻ ለቀቀ፣ እሱንም ተኩልኝ።

ቤት እየዞርን ሳለ መኪና ውስጥ ደጋግመው አንድ ነገር ይሉኝ ነበር። «ሴጉሩ። ሴጉሩ አይቅርሽ።» እኔ ከሥራ ያነሳኋት ፖርቱጋልኛ ነበረችኝ። ሴጉሩ ማለት አስተማማኝ፣ የማያሰጋ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ስኬጁሉ አስተማማኝ ነው የሚሉኝ መሰለኝ። «አዎ ዶና፣ እተማመንብዎታለሁ» አልኳቸው። ፈገግ አሉ።

የወረቀቱ ሥራ ቀላል ነበር። የታክስ ቁጥር ከአይአርኤስ፣ ማለትም ከፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት፣ በነፃ ይገኛል፤ ለዚህ ብር የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ሽሹት። ታክስ ሠሪዬ ኤልኤልሲ፣ ማለትም ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት፣ ክፈቺ አለኝ፣ ከፈትኩ። ማሳቹሴትስ ውስጥ መክፈቻው 500 ዶላር ነው። ከዚያ በየዓመቱ ሌላ 500 እንዳለ የነገረኝ የለም። ባለሙያ ሁሉ ኤልኤልሲ ይላል። እኔ ግን ብቻሽን አሥር ቤት ለምታጸጂው እህቴ እላለሁ፦ ከከተማው ጽሕፈት ቤት የንግድ ስም አስመዝግቢ፣ ዕቃ ብትሰብሪ የሚከፍል ኢንሹራንስ ግዢ፣ ለጊዜው ይበቃሻል። 500ውን ጥሩ ቫኪዩም ግዢበት።

አሁን ወደሚያመኝ ልምጣ።

በአንድ ዓመት ተኩል 11ዱ ቤት 19 ሆነ። ብቻዬን አልቻልኩም። ሦስት ሄልፐር ያዝኩ፤ ሁለቱ ብራዚላውያን፣ አንዷ ቤተ ክርስቲያን የተዋወቅኳት የኛ ልጅ። ደሞዛቸውን እንዴት ልክፈል ብዬ ታክስ ሠሪዬን ጠየቅኩ። «ሁሉም እንደሚያደርገው በ1099 ክፈያቸው፣ የራሳቸው ታክስ የራሳቸው ጣጣ ነው» አለኝ። 1099 ተቀጣሪ ላልሆነ፣ በራሱ ለሚሠራ ሰው የተከፈለ ገንዘብ የሚሞላበት የታክስ ፎርም ነው። ሰውየው ክራቫት ያስራል፣ ግድግዳው ላይ ሰርተፊኬት ሰቅሏል። ለምን አላምነውም?

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ አንድን ሰው የራሱ ሥራ ባለቤት ነው ብላችሁ በ1099 ለመክፈል ሦስት ነገር መሟላት አለበት። በእናንተ ትእዛዝ ሥር መሆን የለበትም። የሚሠራው ሥራ እናንተ ከምትሠሩት የተለየ መሆን አለበት። የራሱ የቆመ ሥራም ሊኖረው ይገባል። ሦስቱም፣ አንዱም ሳይጎድል። ሁለተኛውን እስቲ እዩት። የጽዳት ድርጅት አለኝ፣ የቀጠርኳት ልጅ ታጸዳለች። በምን ተአምር ነው ሥራዋ ከሥራዬ የሚለየው? የአራተኛ ክፍል ተማሪ ይገባዋል። ለባለ ክራቫቱ አልገባውም፣ ወይም ገብቶት ግድ አልሰጠውም። እኔም ሕጉን ፈልጌ አላነበብኩም።

የሠራተኛ ጉዳት ኢንሹራንስንም እንዲሁ። የግዛቱን ድረ ገጽ ከፍቼ አንድ ዓረፍተ ነገር አነበብኩ፦ የኤልኤልሲ አባል ራሱን የማስገባት ግዴታ የለበትም። ደስ አለኝ። እኔ አባል ነኝ፣ ስለዚህ ግዴታ የለብኝም ብዬ ዘጋሁት። ግዴታ የሌለው ለእኔ ለራሴ ነው። አንድ ሠራተኛ እንኳ ካለኝ ለእሷ መግዛት ግዴታ ነው። ይሄን አጠገቡ በትልቁ ቢጽፉት ምን ነበረበት?

ጥር 2023። ብሩክላይን ያለ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት። የኛዋ ልጅ ቫኪዩሙን ተሸክማ በጓሮ ደረጃ ስትወርድ ወደቀች። ስደርስ የእጇ አንጓ አብጧል። «ምንም አልሆንኩም እህቴ፣ ፎቁን ልጨርስ» ትለኛለች። ድንገተኛ ክፍል ወሰድኳት። መዝጋቢዋ ሥራ ላይ ነው የወደቅሽው ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። አይደለም በይ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። አላልኳትም። አዎ አለች። ከዚህ ሁሉ ታሪክ የማላፍርበት እሱን ብቻ ነው።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ልጅቷ ሰው መክሯት የጉዳት ካሳ ጠይቃለች። ሐሙስ ዕለት አንድ መርማሪ በሬን አንኳኳ። ኢንሹራንስ አለሽ ሲለኝ ኮራ ብዬ «አለኝ እንጂ» አልኩና ወረቀቱን አወጣሁ። አየውና መለሰልኝ። ያ ለተሰበረ ዕቃ ነው፣ ለተሰበረ ሰው አይደለም። እኔ ሁለቱ አንድ መስለውኝ ነበር። ያን ቀን በእጄ የሰጠኝ ሥራ ማቆሚያ ትእዛዝ ነበር። በየቀኑ 100 ዶላር ይቆጥራል። መቁጠር የሚያቆመው ኢንሹራንሱን ገዝቼ፣ ቅጣቱንም ከፍዬ ስመጣ ነው።

ልግዛ ብዬ ተነሳሁ። የደወልኩላቸው ሦስት ደላሎች የሚቀበልሽ ኩባንያ የለም አሉኝ። አዲስ ድርጅት፣ የደረሰ አደጋ፣ የማቆሚያ ትእዛዝ። ማን ይጠጋኛል? ኩባንያዎች እምቢ ላሉት ሰው ግዛቱ ውስጥ የጋራ ቋት እንዳለ የነገረኝ አራተኛው ደላላ ነው። ይሄን መርማሪው በር ላይ ሊነግረኝ ይችል ነበር። አልጠየቅሽኝም ይላል መቼም።

በመሃል መርማሪውን የላከው መሥሪያ ቤት ጋ ስደውል ነው ጉዴ የወጣው። በእንግሊዝኛው መስመር ሃምሳ ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁ። አማርኛ የለም። ፖርቱጋልኛ ግን አለ። ምን ታደርጋላችሁ? እሱን ተጫንኩ። ወዲያው አንዲት ሴት አነሳች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ሴትዮ፣ ሴጉሩ አለሽ?» የሚል ነበር።

ስልኩን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሴጉሩ። በፖርቱጋልኛ አስተማማኝ ማለትም ነው፣ ኢንሹራንስ ማለትም ነው። ዶና ያን ሁሉ ቀን ስኬጁላቸውን አያሞግሱም ነበር። ኢንሹራንስ ግዢ እያሉኝ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። 900 ዶላር ቅጣት፣ የኢንሹራንሱ ቅድሚያ ክፍያ፣ ያለ ሥራ የተቀመጡት ሁለቱ ሄልፐሮች ደሞዝ። አራት ቤት ለቀቁኝ። ከሁሉም የከበደኝ ሌላ ነው። ኢንሹራንስ የሌለው አሠሪ ሠራተኛው ሲጎዳ የግዛቱ ፈንድ ለተጎጂው ይከፍላል፣ ከዚያ ወደ አሠሪው ይዞራል። ወደ እኔም ዞረ። በየወሩ የምከፍለው 350 ዶላር እሱ ነው። ልጅቷን ለሁለት ወር አኮረፍኳት፣ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ፊቴን አዞርኩ። እጇ በጂፕሰም ታስሮ ሳለ። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ግን ነውሩ አለቀቀኝም።

ለዶና ስነግራቸው አልሳቁብኝም። ኦልስተን ያለውን የብራዚል ሠራተኞች ማዕከል ነገሩኝ፤ ከ1995 ጀምሮ ያለ ነው። ሄድኩ። ማዕከሉ የቆመው ለሠራተኛው ነው፣ እኔ ደግሞ አሠሪ ነኝ፤ ወረፋው ላይ አንገቴን ደፍቼ ነው የቆምኩት። ግን ወጥቼ ስሄድ ፔይሮል፣ ማለትም ታክስ እየተቆረጠ ደሞዝ የሚከፈልበት አሠራር፣ ምን እንደሆነ፣ ደሞዝ ወረቀት ላይ ምን ምን መጻፍ እንዳለበት አውቄ ነበር። ባለ ክራቫቱ በሁለት ዓመት ያልነገረኝን።

እዚህ ከተማ ስለ ብራዚላውያን ሲወራ ሰው የሚያነሳው ሥጋ ቤቱንና ኳሱን ነው። እኔን ይሄ ያናድደኛል። ያንን ብሩክላይን ያለውን ቤት እዩት። ባልና ሚስት ሁለቱም ሐኪሞች ናቸው፤ ጠዋት ወጥተው ማታ የሚገቡት ቤቱን የሚይዝ ሰው ስላለ ነው። የሚከፍሉኝ 160 ዶላር ኪሴ አያድርም። ለሄልፐሯ ይሄዳል፤ እሷ ኤቨሬት ቤት ተከራይታለች፣ ከብራዚል ዳቦ ቤት የአይብ ዳቦ ትገዛለች፣ ለእናቷ ትልካለች፣ ታክስ ትከፍላለች። ወረቀት የሌላቸው እንኳ በአይቲን፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ለሌለው ሰው በሚሰጠው የታክስ ቁጥር፣ ታክስ የሚያሠሩ ስንቱን አውቃለሁ። ከቦስተን ወጣ ብላ ያለችው ፍሬሚንግሃም ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? የጂኤም መኪና ፋብሪካ በ1989 ተዘጋ። መሃል ከተማው ባዶ ሱቅ ሲሆን የሞሉት ብራዚላውያን ናቸው፤ ጸጉር ቤቱ፣ ዳቦ ቤቱ፣ ገንዘብ መላኪያው። የጽዳት ዕቃ አሁንም የምገዛው እዚያ ነው። የእኔስ እንጀራ ከየት መጣ? ባንክ አላበደረኝም፣ ከተማው አላሠለጠነኝም። ዶና ናቸው የሸጡልኝ፣ ያስተማሩኝም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። የመንግሥት ወረቀት ሁሉ መጀመሪያ የንግድ ዕቅድ ጻፉ ይላል። አትጻፉ። መጀመሪያ ሦስት ወር ሄልፐር ሁኑ። ስኬጁል ስትገዙ ብሩን በሁለት ክፈሉ፣ ሻጯ በእያንዳንዱ በር አብራችሁ ትቁም። ብቻችሁን ከሆናችሁ ብቻችሁን ሥሩ፤ ሰው የቀጠራችሁ ዕለት ግን ከመጥረጊያው በፊት የሠራተኛ ጉዳት ኢንሹራንሱን ግዙ። 1099 የሚላችሁን ታክስ ሠሪ ጥላችሁት ውጡ። የማታውቁትን ቃል ደግማችሁ ጠይቁ፣ የምታውቁት የመሰላችሁን ደግሞ ሁለት ጊዜ።

ልጅቷ እጇ ዳነ። ባለፈው ክረምት ከአንዲት ብራዚላዊት ስድስት ቤት ገዛች፣ ከእኔ አይደለም። ዋጋ እንድከራከርላት ይዛኝ ሄደች። ሴትየዋ ቡና አፈላችልን፣ ቀጭን ነበር፣ ምንም አላልኩም። 3,600 አለች፣ 3,200 አልኩ። ከዚያ በፖርቱጋልኛ ስለ ሴጉሩ ጠየቅኳት። ከመሳቢያ አንድ ፎልደር አወጣች፤ የአምስት ዓመቱ በየዓመቱ ተደርድሯል። 3,600ውን ክፈይ አልኳት ልጅቷን።