ክረምት ሌሊት፦ ፈረሱ ውጭ ይደር ወይስ ጋጣ ይግባ?

ማታ ፈረስን ሜዳ ላይ ትቶ ለመሄድ ብዙ ሰው የሚያመነታው ራሱን ሲበርደው ነው። ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ “ይሄ ፍጡር በዚህ ብርድ እንዴት ያድራል?” ይልና ወደ ጋጣ ይጎትተዋል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሰውን የሚበርደው አየርና ፈረስን የሚበርደው አየር አንድ አይደለም። ሥጋው ደህና የሆነ፣ የክረምት ጸጉሩን ያበቀለ፣ ደረቅ ጎልማሳ ፈረስ ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ፣ በደንብ የለመደው ከሆነ ደግሞ እስከ 15 ዲግሪ ድረስ፣ ሰውነቱን ለማሞቅ የተለየ ጉልበት አያወጣም። አጭር የበጋ ጸጉር ብቻ ያለው ግን ገና ከዜሮ በላይ 5 ዲግሪ ገደማ ላይ ይጀምረዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው “ስንት ዲግሪ ነው?” ሳይሆን “ይዘንባል ወይ? ነፋስስ አለ?” ነው። ክረምት የሚባለው አንዱ ዘንድ ዝናብና ጭቃ፣ ሌላው ዘንድ በረዶና ውርጭ ነው። ለፈረስ የሚከፋው የመጀመሪያው ነው። ፈረስ ሲበርደው ጸጉሩ ይቆማል፤ የሚያሞቀውም በቆመው ጸጉር መካከል የታሰረው አየር ነው። ዝናብ ጸጉሩን ቆዳው ላይ ሲለጥፈው ያ አየር ይጠፋል፤ ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ የቀረውን ሙቀት ጠራርጎ ይወስደዋል። በ3 ዲግሪ፣ ነፋስ በቀላቀለ ዶፍ መጠለያ አጥቶ ያደረ ፈረስ፣ ከዜሮ በታች 10 በሆነ ደረቅና ጸጥ ያለ ሌሊት ካደረው ይልቅ ይጎዳል። ጠዋት ጀርባው ላይ በረዶ ተቆልሎ ሳይቀልጥ ብታዩ አትደንግጡ፤ ሙቀቱ ከጸጉሩ አልፎ አልወጣም ማለት ነው። የሚያሳስበው ጀርባው ረጥቦ እንፋሎት የሚወጣው ፈረስ ነው።

ቀጥሎ የሆድ ነገር ይመጣል። የፈረስ ምድጃው አንጀቱ ውስጥ ነው። ድርቆሽ በትልቁ አንጀት ሲብላላ ሙቀት ይወጣዋል፤ ሌሊቱንም ሙሉ ቀስ እያለ ይቀጥላል። ገብስና አጃ ጉልበት ይሰጣሉ እንጂ እንደ ድርቆሽ አያሞቁም። “ዛሬ ስለሚበርድ አንድ ጣሳ እህል ልጨምርለት” ማለት እንግዲህ ቦታውን የሳተ ደግነት ነው፤ ድንገት የተጨመረ እህል የሆድ ቁርጠትም ሊያመጣ ይችላል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ 500 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ከክብደቱ ከመቶ 2 ያህል፣ ማለትም ወደ 10 ኪሎ ድርቆሽ ይበላል። ብርዱ እሱ ከሚችለው ወሰን በታች በወረደ ቁጥር፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ የሚያስፈልገው ጉልበት ከመቶ ከ2 እስከ 2.5 ይጨምራል። በ10 ዲግሪ ከወረደ ጭማሪው 2 ኪሎ ድርቆሽ ገደማ ይሆናል። ያንን ጭማሪ ሳይጨልም መስጠት ነው፤ ጠዋት የሚሰጥ ድርቆሽ ያለፈውን ሌሊት አያሞቅም። ድርቆሹ በሚዛን ይመዘን፤ “አንድ እቅፍ” የሚባለው መለኪያ እንደ አቃፊው ነው፣ እርጥበትና አጠቃቀፍ ሲለያይ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ጋጣ ማስገባት ምንም ጉዳት የሌለው ምርጫ ተደርጎ ይታያል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት 12 ሰዓት ነው። ፈረስ 1 ኪሎ ድርቆሽ ለመጨረስ 40 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። 3 ኪሎ ሰጥቶ በሩን የዘጋ ሰው ፈረሱ ለ2 ሰዓት እንዲበላና ለ10 ሰዓት ግድግዳ ሲያይ እንዲያድር ፈርዶበታል። የፈረስ ጨጓራ ቢበላም ባይበላም አሲድ ማመንጨቱን አያቆምም፤ 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ባዶውን ሲቆይ ለቁስለት ይጋለጣል። እንጨት ማኘክና ከጎን ወደ ጎን መወዛወዝም በዚሁ የመሰልቸት ሰዓት የሚመጣ ልማድ ነው። ጋጣ የግድ ከሆነ ቀዳዳው ጠባብ በሆነ መረብ እስከ ንጋት የሚያደርስ ድርቆሽ ይሰቀልለት።

የጋጣው አየር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ብርድ እንዳይገባ ተብሎ መስኮቱና ክፍተቱ ሁሉ ሲደፈን የሽንት አሞኒያ ከወለሉ ይነሣል፣ የድርቆሽ አቧራም መውጫ ያጣል። ቆማችሁ ስትገቡ ላይሸታችሁ ይችላል። ተንበርከኩና አፍንጫችሁን ከጉዝጓዙ አንድ ክንድ ከፍ አድርጋችሁ አሽቱ፤ ፈረሱ ሲተኛም ሆነ ከመሬት ሲለቅም የሚስበው አየር ያ ነው። ዓይናችሁን ከቆጠቆጠው የእሱንም ሳንባ እያቆሰለ ነው። የሚያስለውና አስም ያለበት ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ ውጭ ሲያድር ይሻለዋል፤ እግሩ ቆሞ በማደር የሚያብጥበትም እንዲሁ። የጋጣ የላይኛው መስኮት በክረምትም ክፍት ይሁን፤ ፈረስን የሚጎዳው በቀጥታ የሚመታው ነፋስ ነው እንጂ ቀዝቃዛ ንጹሕ አየር አይደለም።

ውጭ የሚያድር ፈረስ ግን መሸሸጊያ ይፈልጋል። ሦስት ግድግዳ፣ ጣሪያና አንድ ክፍት ፊት ይበቃል። ጀርባውን ብዙ ጊዜ ነፋስ ለሚመጣበት አቅጣጫ ይስጥ። ለአንድ ፈረስ 3.6 ሜትር በ3.6፣ ተስማምተው ለሚኖሩ ሁለት ፈረሶች ደግሞ 3.6 በ7 ገደማ ይሁን። ክፍቱ ፊት በጠባብ በር መተካት የለበትም፤ ጉልበተኛው በሩ ላይ ቆሞ ሌላውን ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ላይ ያሳድረዋል፣ ወይም ውስጥ አጥምዶ ይረግጠዋል። ብዙ ሰው “ሠራሁለት፣ ግን አይገባበትም” ብሎ ያዝናል። በደረቅ ብርድ ላይገባ ይችላል፤ ዝናብና ነፋስ ሲገናኙ ግን ይገባል። መጠለያው የሚያስፈልገው ለእንቅልፍም ነው። ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል እንጂ ሕልም የሚታይበትን ጥልቅ እንቅልፍ የሚያገኘው ጋደም ብሎ ነው፤ መሬቱ ሁሉ ማጥ ከሆነ አይተኛም። ለቀናት ሳይተኛ የሰነበተ ፈረስ ቆሞ ሳለ ጉልበቱ ሲከዳው ይታያል። ዛፍ ከነፋስ ትንሽ ያስጥላል፣ ከረጅም ዝናብ ግን አያድንም።

ውሃ። ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ይጠጣል። በክረምት ከእርጥብ ሣር ወደ ደረቅ ድርቆሽ ስለሚሸጋገር ከገንዳ የሚጠጣው መብዛት ሲገባው፣ ውሃው በጣም ሲቀዘቅዝ ያንሳል። ውጤቱ በአንጀት ውስጥ ደርቆ የሚቆም ምግብና የሆድ ቁርጠት ነው። በረዶ መላስ አይተካውም። ገንዳው ሲረጋ በረዶውን ሰብራችሁ ስብርባሪውን አውጡት፤ ከተዉት መልሶ ይጋገራል። ማታ ላይ ለብ ያለ ውሃ መስጠት ይጠቅማል። 25 ግራም ያህል የገበታ ጨው በቀን ከምግቡ ጋር መስጠት መጠማቱን ያነሣሣል፤ ጨው የሚሰጠው ግን በረዶ ያልያዘ ውሃ በአጠገቡ ካለ ብቻ ነው።

ውጭ ማደር የሌለባቸው አሉ። ጸጉሩ የተላጨና ልብስ የሌለው፣ ጎድኑ የሚቆጠር፣ ጥርሱ ያለቀና ድርቆሹን እያኘከ የሚተፋ ሽማግሌ፣ የታመመ፣ ገና የተወለደ ውርንጭላ። ከሞቃት አገር የመጣ ፈረስም ቢያንስ 2 ወይም 3 ሳምንት መልመጃ ይሰጠው። ሥጋውን በዓይን አትመዝኑ፤ የክረምት ጸጉር አጥንት ይሸፍናል። ጣታችሁን ጸጉሩ ውስጥ ሰድዳችሁ ጎድኑን ዳስሱ፦ ሳትጫኑ አጥንቱ ከቆረቆራችሁ ከስቷል፤ ትንሽ ተጭናችሁ ካገኛችሁት ደህና ነው።

ወፍራሞቹ ደግሞ የራሳቸው አደጋ አላቸው። ቀኑ ፀሐያማ ሆኖ ሌሊቱ ውርጭ ሲሆን፣ ሣር ቀን ስኳር ይሠራል፣ ከ5 ዲግሪ በታች ግን ስለማያድግ ስኳሩን አይጠቀምበትም። ስለዚህ ስኳሩ በሣሩ ውስጥ እንደተጠራቀመ ያድራል። በሌላ ወቅት ከንጋት በፊት ያለው ሣር ስኳሩ ዝቅተኛ ነው ይባላል፤ በውርጭ ጊዜ ይህ አይሠራም። ላሚናይቲስ፣ ማለትም የሰኮና ውስጥ ብግነት፣ ያገኘው ወይም አንገቱ ላይ ስብ የቆለለ ፈረስ በእንደዚህ ዓይነት ሌሊት ውጭ ይደር፣ ግን ሣር በሌለው ግቢ፣ ድርቆሽ ተሰጥቶት።

ልብስን በተመለከተ፣ ጸጉሩ ሙሉ የሆነ፣ ሥጋ ያለውና መጠለያ ያገኘ ፈረስ አያስፈልገውም። ሙሌት የሌለው ስስ ልብስ ጸጉሩን ስለሚደፈጥጠው በደረቅ ብርድ እንዲያውም ሊያበርደው ይችላል። የተላጨ ወይም የከሳ ከሆነ ውሃ የማያስገባ፣ በካሬ ሜትር ከ100 እስከ 300 ግራም ሙሌት ያለው ይመረጥ። እርጥብ ፈረስ ላይ አይደረብም። በየቀኑ ይውለቅ፤ ትከሻውን ይልጣል፣ ማሰሪያው እግር ይይዛል፣ ከሁሉም በላይ ውሃ ማስገባት የጀመረ ልብስ ከራቁት ይብሳል። በሥራ ያላበውንም ፈረስ ጸጉሩ እስከ ሥሩ ሳይደርቅ ወደ ሌሊቱ አትልቀቁት።

መሬቱንና አጥሩን በብርሃን ዙሩ። የጭቃ ጉድጓድ ውርጭ ሲመታው እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ እግር የሚጠመዘዘው እዚያ ነው። የብረት ጫማ የተመታ ሰኮና ሥር በረዶ ኳስ ሆኖ ይጋገራል። በር አካባቢ ያለው ማጥ ለረጅም ጊዜ ቁርጭምጭሚቱን ሲያረጥበው ቆዳው ይላላና ደርማቶፊለስ የተባለው ባክቴሪያ ይገባበታል፤ ጭቃውን በየማታው በውሃ ከማጠብ ደርቆ ሲረግፍ መቦረሽ ይሻላል። የኤሌክትሪክ አጥር ደግሞ ደረቅ በረዶ ላይ ይሰንፋል፤ እንስሳው በረዶው ላይ ስለቆመ የኤሌክትሪኩ ዑደት አይሞላም። ድርቆሽ ከአጥር አርቃችሁ፣ ከፈረሶቹ ቁጥር አንድ ክምር አብልጣችሁ፣ በክምርና በክምር መካከል 8 ሜትር ያህል ትታችሁ አስቀምጡ። የአንገት ማሰሪያው ሌሊት ይውለቅለት።

ጠዋት ፈረሱ ሳይነቃነቅ ቆማችሁ እዩት። ጆሮው መቀዝቀዙ ብቻውን ነገር አይደለም። እጃችሁን ከክርኑ ኋላ፣ ብብቱ አካባቢ፣ ከጸጉሩ ሥር እስከ ቆዳው አግቡ፤ እዚያ ለብ ካለ ደህና አድሯል። እዚያም ከቀዘቀዘ፣ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ሆዱ ወደ ላይ ተስቦ ጅራቱ ከተጣበቀ ከነፋስ አስጠልሉት፣ ውሃውን ጠርጉለት፣ በድርቆሽ ወይም በጆንያ አሹት፣ ድርቆሽና ለብ ያለ ውሃ ስጡት። ከዚያ የሰውነቱ ሙቀት በቂጡ በኩል ይለካ፤ ጤነኛ ጎልማሳ ከ37.2 እስከ 38.3 ገደማ ነው። ከ37 በታች ከሆነ ሐኪም ይጠራ።

ከጋጣ ወደ ሌሊት ሜዳ የሚደረገው ሽግግር በአንድ ማታ አይሁን፤ ከ10 እስከ 14 ቀን ወስዳችሁ የማታውን መግቢያ ሰዓት እያዘገያችሁ ሂዱ። በእነዚያ ቀናት ጠዋት ጠዋት ሦስት ነገር ይቆጠር፦ የተረፈው ድርቆሽ፣ የጎደለው ውሃና ፋንድያው። ፈረስ በቀንና ሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥላል። ፋንድያው ቁጥሩ አንሶ፣ ደርቆና ንፍጥ ለብሶ ከተገኘ ውሃው ይፈተሽ፣ የዚያን ማታ ውጭ ማደሩም ይቅር። ሦስቱም እንደ ትናንቱ ከሆኑና ዶፍ ከነፋስ ጋር የማይጠበቅ ከሆነ፣ ዛሬ ማታም በሩን ክፈቱለት።