ክሩ ጠፋ ማለት ሉፑ ወደቀ ማለት አይደለም

«ሲስተር፣ ወድቋል ብለውኛል» አለችኝ። ከበርበሬ ለቀማ ነው የመጣችው። ልጇን አዝላለች። ሉፑን፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን የወሊድ መከላከያ፣ ያስገባችው በወለደች በስድስት ሳምንቷ ነው። ከማህፀን በር የሚወጣውን የሉፑን ክር ብትፈልግ አጣችው። አንድ ጤና ተቋም ሄደች፤ «ክሩ ከሌለ ወድቋል» ብለው የሦስት ወሩን መርፌ ወግተው ሸኟት። ታች ሆዷን ግን በቀኝ በኩል ይወጋታል።

«እታለም፣ ሲወድቅ አይተሽዋል?»

«ኧረ አላየሁም።»

ሲወድቅ ያልታየን ሉፕ ወድቋል አንልም። በአዋላጅነት ሥራዬ አጥብቄ የያዝኩት ይህንን ነው።

መጀመሪያ ሽንቷን መረመርን፤ እርግዝና የለም። ከዚያ የማህፀን በሯን አየሁ። ብዙ ጊዜ ክሩ እዚያው በሩ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል፤ በቀስታ ሲፈለግ ይወጣል። የእሷ የለም። ፍኖተ ሰላም ሄዳ አልትራሳውንድ ተነሳች፤ ማህፀኗ ባዶ ነው። ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ማህፀን ውስጥ አልታየም ማለት ከሰውነት ወጥቷል ማለት አይደለም። የሆድ ራጅ የግድ ነው። የሉፑ ፕላስቲክ ባሪየም አለበት፤ ራጅ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል።

ታየ። ከማህፀኗ ውጪ፣ ሆዷ ውስጥ። በቀዶ ጥገና ወጣላት።

እንዲህ ያለው ከ1000 ሴት አንዷን ወይም ሁለቷን ቢያጋጥም ነው። ማህፀን የሚበሳው በአብዛኛው ሉፑ ሲገባ ነው። ገና የወለደችና የምታጠባ እናት ላይ ስጋቱ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ለእሷ እጄን ይበልጥ አዘገያለሁ።

ቀበሌው ውስጥ ግን ወሬው «ሉፕ ልብ ላይ ይወጣል» ሆነ። ልብ ላይ አይወጣም። ግን «ውሸት ነው» ብዬ ብቻ ባልፍ ማን ያምነኛል? ጎረቤታቸው ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ተመልሳለች! ስለዚህ አሁን ለሁሉም ሳላስገባ በፊት እነግራቸዋለሁ። ከ3 እስከ 6 ወር የወር አበባ ሊበዛ፣ ቁርጠቱም ሊጠና ይችላል፤ አይቡፕሮፌን ይረዳል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ትኩሳት ከያዘሽ፣ ሆድሽን ካመመሽ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካየሽ ቀን ሳትቆጥሪ ነይ። ኢንፌክሽን ከሆነ አንቲባዮቲክ እንጀምራለን፤ ብዙ ጊዜ ሉፑን ማውጣት አያስፈልግም። በሁለት ሦስት ቀን ካልተሻለሽ ግን ማውጣቱ ይታሰባል። የወር አበባሽ ባለፈ ቁጥር እጅሽን ታጠቢና ክሩን ዳሺው። ካጣሽው፣ ከረዘመብሽ ወይም ጠንካራ ነገር ከነካሽ ነይ። እስክትታዪ ድረስ ኮንዶም ተጠቀሙ።

ባለፈው ወር ያቺው ሴት እህቷን ይዛ መጣች። እሷ ራሷ ክንድ ላይ የሚቀበረውን ነው የመረጠችው። እህቷ ግን ሉፕ ፈልጋለች። ገና ሳልጀምር «ሲስተር፣ ክሩን እንዴት እንደምትዳስስ መጀመሪያ አሳዪያት» አለችኝ።