ተጫውታ ታውቃለች?

ራግቢ ሊግ የሚባለውን፣ ኳስ በእጅ ይዘው የሚላተሙበትን ጨዋታ ያስተማረችኝ ሜዳ ዳር የምትቆም የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ናት። ባሌ ሞክሮ ነበር፤ ሲያስረዳ ይናደዳል። የሥራ ባልደረቦቼም ሞክረዋል፤ እነሱ ደግሞ ሲያስረዱ ይስቃሉ።

ሲድኒ ስንመጣ የሰፈርነው በምዕራቡ በኩል፣ ብላክታውን ነው። ከዚህ በአንድ ወገን ፔንሪዝ አለ፣ በሌላው ፓራማታ፤ ሁለቱም የየራሳቸው የራግቢ ቡድን አላቸው። መሀል የሚኖር ሰው ምረጥ ይባላል። ሰኞ ጠዋት ሥራ ስገባ ወሬው ሁሉ እሱ ነው። እኔ ከአዲስ አበባ ይዤ የመጣሁት ኳስ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ወንድሞቼ ቴሌቪዥኑን ስለማይለቁ ነው የለመድኩት።

መጀመሪያ ላይ ራግቢው ድብድብ ሆኖ ነበር የሚታየኝ። 13 ለ13 ሆነው ይላተማሉ፣ ይወድቃሉ፣ ተነስተው እንደገና ይላተማሉ። ከዚያ አንዱ ድንገት ኳሱን አርቆ ይመታና ለተጋጣሚው ይሰጠዋል። ለምን? ደህና ይዞት የነበረውን! ኮሜንታተሮቹን ብሰማም አልረዱኝም። የሚያወሩት ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያይ ላደገ ሰው ነው። ተጫዋቹን በቅጽል ስሙ ይጠሩታል፣ የዛሬ ሰላሳ ዓመት የሆነ ጨዋታ ያነሳሉ፣ እርስ በርስ ይሳሳቃሉ።

የሜዳ ዳሯ ጋዜጠኛ ስትገባ ግን ነገሩ ሰከን ይላል። እገሌ ጭንቅላቱን ተመትቷል፣ ለምርመራ ገብቷል፣ 15 ደቂቃ ይቆያል፣ ሐኪሙ ካልፈቀደለት አይመለስም፤ እሱ እስኪመለስ አሰልጣኙ እነእገሌን ቦታ አቀያይሯል። በቃ። አጭር፣ ግልጽ። አንድ ቡድን ስድስት ጊዜ ከተጣለ ኳሱን እንደሚያስረክብ፣ ስለዚህም ስድስተኛው ሳይደርስ አርቆ መምታት ብልጠት እንደሆነ የገባኝ እንዲህ እንዲህ እያለ ነው።

ካሜራ በማያያት ሰዓት ምን እንደምትሠራ ያየሁት ደግሞ አንድ ክረምት ፓራማታ፣ ኮምባንክ ስታዲየም የገባን ቀን ነው። ቦታችን ከታች፣ ለሜዳው ቅርብ ነበር። ዝናቡ ያካፋል። ማይኩን በላስቲክ ጠቅልላዋለች። በአንድ ጆሮዋ ከስቱዲዮ የሚነገራትን ትሰማለች፤ በሌላው ደግሞ ወጌሻው የሚለው እንዳያመልጣት ወደ ተቀያሪዎቹ ወንበር ዘንበል ትላለች። ትንሽ ደብተር ይዛለች፤ በረጠበች ቁጥር በጃኬቷ ታብሳትና ትጽፋለች። ይህን ሁሉ ሠርታ አየር ላይ የምትቆየው ሃያ ሰከንድ ቢሆን ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ትንፋሽ ያጠረው፣ ጆሮው የደማ ግዙፍ ሰውዬ ፊት ትቆማለች። እሱ «ልጆቹ ዛሬ ጥሩ ሠርተዋል» ብሎ ሊያመልጥ ነው ሐሳቡ። እሷ ቶሎ አትለቀውም። ባሌ ስለ ሦስተኛው ትራይ (የራግቢው ጎል በሉት) ያወራል፣ እኔ ዓይኔ እሷ ላይ ነው።

ይህን ሥራ ስለምወደው ነው የሚቀጥለው ነገር የሚያናድደኝ። ሜዳ ዳር በረንዳ ነው። ሴቶቹን ለረጅም ዘመን እዚያ አቁመዋቸው ኖሩ፤ ሳሎን ግቡ ያላቸው አልነበረም።

ደቢ ስፒሌን በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የአገሩ የሕዝብ ጣቢያ ኤቢሲ ስትገባ በአውስትራሊያ የሙሉ ጊዜ የስፖርት ጋዜጠኛ ሆና በአየር ላይ የሠራች የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። ያኔ እንግዲህ በረንዳውም አልተከፈተም። ቻናል ናይን በሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ ከ1994 እስከ 2018 (ሁሉም በፈረንጆቹ) የቆየ፣ ስለ ራግቢ ሊግ የሚያወራ ትልቅ የምሽት ፕሮግራም ነበር። የድሮ ተጫዋቾች ቀሚስ ለብሰው ሴት መስለው የሚያስቁበት ዓይነት። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሴት ጋዜጠኛ ቁም ነገር ይዛ ልትገባ ስትል ምን እንደሚገጥማት መገመት አይከብድም።

ስቴት ኦፍ ኦሪጂን የሚባለው፣ ኒው ሳውዝ ዌልስና ክዊንስላንድ በየዓመቱ ሦስት ጊዜ የሚፋለሙበት ውድድር የተጀመረው በ1980 ነው። ያ ምሽት እዚህ አገር ዓመት በዓል በሉት። ስርጭቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሴት የመራችው በ2016 ነው፤ ኢቮን ሳምፕሰን። 36 ዓመት! በማግስቱ ዓመት ፎክስ ሊግ የሚባለው፣ ሙሉ ለሙሉ ለራግቢ ሊግ የሆነው ቻናል ሲከፈት እሷም እዚያ ሄደች። ከነላራ ፒትና ጄስ ዬትስ ጋር ሆና ሊግ ላይፍ የተባለ፣ ሴቶች ብቻ ተቀምጠው ስለ ጨዋታው የሚያወሩበት ፕሮግራም ጀመሩ። አንዳንድ ሰው ሴቶቹን ለብቻ ማስቀመጥ ምን ያደርጋል ይላል። እኔ ግን በጣም ወደድኩት። አራት ሴቶች ሲከራከሩ አንዷ «የሴቶች አስተያየት» መሆኗ ይቀራል። ሰው ትሆናለች፤ ትሳሳታለች፣ ታሸንፋለች፣ ትሸነፋለች።

አሁን ወደ እሁዱ ነገር ልምጣ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ የባሌ ጓደኛ እቤታችን መጣ። ፍልሰታ ስለነበረ ሽሮና ጎመን ቀርቧል፣ ቡናው እየተቆላ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ የሴቶቹ ሊግ ነበር፤ እሁድ ብዙ ጊዜ ከወንዶቹ ጨዋታ በፊት እሱ ነው የሚታየው። ሩዋን ሲምስ ትተነትናለች። መከላከሉ በግራ በኩል ለምን እንደተከፈተ በስክሪኑ ላይ መስመር እያሰመረች ታሳያለች። እንግዳችን ጎረሰና እንዲህ አለ፦

«እሷ ደሞ ምን አውቃ ነው? ተጫውታ ታውቃለች?»

እኔ አፌን ሳልከፍት ልጄ ቀደመችኝ። «ጋሼ፣ እሷኮ የአውስትራሊያ ካፒቴን ነበረች።»

ዝም አለ። ልጄ መቼ ታቆማለች! ሦስቱ ወንድሞቿ አሽተን፣ ታሪክና ኮርቢን ሁሉም ትልቁ ሊግ ውስጥ እንደተጫወቱ፣ እሷ ራሷ ከራግቢው ጎን የእሳት አደጋ ሠራተኛ እንደነበረች ዘረዘረችለት። «ይቅርታ እሺ፣ አላወቅሁም» ብሎ ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም።

ሁላችንም ሳቅን፤ ነገሩ በዚያው አለፈ። ማታ ዕቃ ሳጥብ ግን ልጄ የሰጠችው መልስ ራሱ ከነከነኝ። ባትጫወትስ ኖሮ? ካፒቴን ባትሆን፣ ወንድም ባይኖራት፣ ዝም ብላ ጨዋታ የምታውቅ ጋዜጠኛ ብትሆንስ? ያኔ እንግዳችን ልክ ሊሆን ነው?

እዚህ አገር ራግቢ ሊግ ሲባል ሰው ጆሮ ውስጥ የሚመጣው የሬይ ዋረን ድምፅ ነው። 99 የኦሪጂን ጨዋታ አስተላልፏል። በ2022 ጡረታ ሲወጣ አገሩ ሁሉ አባቱን የሸኘ ነው የመሰለው። ይህ ሰው በትልቁ ሊግ አንድም ቀን አልተጫወተም። ጁኒ በምትባል የገጠር ከተማ ልጅ እያለ ብይ እያንከባለለ፣ ብዮቹን ፈረስ አድርጎ፣ የትኛው ቀደመ የትኛው ቀረ እያለ ለራሱ ያስተላልፍ ነበር። ከዚያ እውነተኛ የፈረስ እሽቅድምድም፣ ከዚያ ራግቢ። የኦሎምፒክ ዋናም ያስተላልፍ ነበር። እስቲ ዋና ትችላለህ ወይ ብሎ ማይኩን የነጠቀው አለ? እኛስ ብንሆን? በእኛ አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የሴካፋን ዋንጫ ስትወስድ የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ነው እስከ ዛሬ በሰው ጆሮ የቀረው። ደምሴ የት ክለብ ነበር ብሎ የጠየቀ ሰው እኔ አላጋጠመኝም።

ጥያቄው የሚወጣው ለሴት ነው። ደግሞም ተንኮሉ እዚህ ጋ ነው፦ ብዙዎቹ እንዳይጫወቱ፣ ቢጫወቱም እንዳይታዩ የተደረጉት እነሱው ናቸው። የአውስትራሊያ ሴቶች በ2017 ብሪዝበን ላይ ኒውዚላንድን 23 ለ16 አሸንፈው የዓለም ዋንጫ ሲያነሱ የሴቶች ብሔራዊ ሊግ የሚባል ገና አልነበረም። የተጀመረው በ2018 በአራት ክለብ ነው። በ2023 አሥር፣ በ2025 ደግሞ አሥራ ሁለት ደረሰ። ጨዋታው ሲተላለፍ ተጫዋቿ ትታወቃለች፤ ስትታወቅ ጫማዋን ሰቅላ ወደ ትንተናው ወንበር ትመጣለች። ሲምስ፣ አላና ፈርጉሰን፣ ኒውዚላንድ ውስጥ ደግሞ ሃኒ ሂረሜ-ስማይለር እንዲህ ነው የመጡት። እንግሊዝ አገር ዳኒካ ፕሪም አለች፤ የሊድስ ተጫዋች የነበረች። እዚያ በ2022 የወንዶቹ፣ የሴቶቹና የዊልቸሩ የዓለም ዋንጫ አንድ ላይ ተካሂዶ ቢቢሲ 61ዱንም ጨዋታ ነው ያስተላለፈው። የሴቶቹና የወንዶቹ ፍጻሜ በአንድ ቀን ኦልድ ትራፎርድ ላይ ነበር። በእኛ ሰዓት እኩለ ሌሊት ጀምሮ ሊነጋጋ ሲል ያለቀ። ልጄ ለሴቶቹ ነቅታ ቆየች፤ 54 ለ4 ሲያልቅ አባቷን ለወንዶቹ ቀስቅሳው ተኛች።

ስለዚህ የድሮ ተጫዋቾቹ መምጣታቸው ደስ ይለኛል። እውቀታቸው ሌላ ነው። ግን በእነሱ ምክንያት አዲስ መመዘኛ እንዳይቆም እፈራለሁ፤ ሴት ከሆነች የግድ ካፒቴን ትሁን፣ ወንድ ከሆነ ድምፁ ካማረ ይበቃል የሚል። ወንበሮቹን ተመልከቱ። አቅራቢነቱ ተከፈተ። ትንተናው ተከፈተ። ሜዳ ውስጥ እንኳ ኬሲ ባጀር በ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ቶንጋና ዌልስን አጫውታለች፤ ሴት የወንዶችን የዓለም ዋንጫ ጨዋታ ስትዳኝ የመጀመሪያው ነው። የቀረው ዋናው ማይክ ነው። ትልልቆቹን የወንዶች ጨዋታዎች ከመጀመሪያዋ ፊሽካ እስከ መጨረሻዋ የሚያስተላልፉት ድምፆች እስካሁን በአብዛኛው የወንድ ናቸው።

ባሌ ሲከራከረኝ «የጆሮ ልማድ ነው» ይላል። ትራይ ሲቆጠር የሚጮኸው ድምፅ ወፍራም ካልሆነ ደም አያሞቅም ይላል። እኔ ልማድ ከሆነ ይለመዳል አልኩት። እሱ እሺ ግን ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ በትንንሾቹ ጨዋታዎች አለ። የሴቶቹ ሊግ አሥራ ሁለት ክለብ ሆኗል፣ ልምምድ የሚሆን ጨዋታ ሞልቷል፣ ታዲያ ስንት ዓመት ነው ቀስ በቀስ የሚባለው አልኩት። እሱንስ አላውቅም አለና ሪሞቱን አነሳ።